በሩ በግራ ነው

ሦስተኛው ደብዳቤ የደረሰው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ፎቶ አጣቢዋ እንደ ቀድሞዎቹ ሁለቱ ሳትከፍተው መሳቢያ ውስጥ ወረወረችውና መሳቢያውን በጉልበቷ ገጭታ ዘጋችው። መሳቢያው ምንም አልበደላትም። የበደላት ሰው ግን የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ስለሚገኝ፣ ዱላው ቅርብ የተገኘው ዕቃ ላይ አረፈ።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉ አባቷ፣ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ሳይነሡ።

«የወረቀት ነጋዴው ነው። ዕቃ ገብቷል ይላል።»

«ለወረቀት ነጋዴ እንዲህ መሳቢያ ይደበደባል? ፖስተኛው ‹ከሩቁ አውሮፕላን ማረፊያ፣ እንደ ልማዱ› ሲልሽ ሰምቻለሁ። የደከመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ገና ጡረታ አልወጣም።»

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ቆመው ነዳጅ ሲቀዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ቤንዚኑ» ይላቸዋል። ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመት ሆኗቸው፣ ዛሬም አጠገባቸው ሲጋራ የሚለኩስ የለም።

ቤንዚኑ አንዲት ታሪክ ነበረቻቸው። በወጣትነታቸው አንድ ቀን፣ የጭነት አውሮፕላን አንዱ ሞተሯ ጠፍቶባት መጣች፤ ካፒቴኑም በቀረው ሞተር ብቻ እንደ ላባ አሳረፋት። ቤንዚኑ ፎቶ ቤት ካለው ወንድማቸው ካሜራ ተውሰው ነበርና ሣሩ ውስጥ ተንበርክከው ፎቶ አነሡ። ካፒቴኑም ወርዶ ያንን ዘይት የጠጣ እጃቸውን ጨበጠው። አለቀ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ለሴት ልጃቸው በወተት ፈንታ ያጠቧት ታሪክ ነው። ፎቶው ግን ታትሞ አያውቅም። ወንድምየው «ጭራዋን ቆርጠሃታል፣ አልተሳካም» ብሎ ኔጋቲቩን፣ ፎቶው የሚታተምበትን ፊልም፣ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው፤ እዚያው ረሳው። እሱ ሞቶ ፎቶ ቤቱ ለልጅቷ ሲደርሳት ቆርቆሮው አብሮ መጣ።

ደስታዋ ልክ አልነበረውም። በዚያው ሳምንት አትማ፣ አባቷን ደህናውን ኮት አልብሳ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አሮጌ የመንገደኛ አዳራሽ ይዛቸው ሄደች። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌ አውሮፕላን ወዳጆች ይሰበሰባሉ። ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ማን የትኛዋን አውሮፕላን የት እንዳያት ይወራል፤ ስለ አንዲት ጎማ ሁለት ሽማግሌዎች ይኳረፋሉ። መካኒኩንም ከዓመት በፊት ያገኘችው እዚያው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ «ይቺን አይተሻል?» እያለ ፎቶ ያቀብላታል፤ እሱ ግን ፎቶዋን ትቶ የምታየውን ልጅ ያያል። ሲያፈጥ ትይዘዋለች፤ ጆሮው ድረስ ይቀላል። እሷም ፎቶውን ገልብጣ እንደያዘችው የምታውቀው ሰው ሲስቅባት ነው።

ታዲያ ይህ መካኒክ የዚያ የካፒቴን አንድ ልጅ ነው። አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል። እናቱ በትልቁ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጃቸው የአብራሪ ወንበር ንቆ መፍቻ በመያዙ እስካሁን አልማሩትም። በዚያ ላይ ሌላ ቁስል አለባቸው። ያቺ ባላቸው በአንድ ሞተር ያረፉባት ማረፍ ከበረራ መዝገባቸው በቀር ምስክር የላትም። ረዳት አብራሪውም ሞቷል፣ መንገደኛም አልነበረባት። «ተረት ነው» የሚል ሰው በዝቷል።

የማኅበሩ አለቃ ጡረታ የወጡ የበረራ አስተማሪ ናቸው። ምንም አያመልጠኝም ስለሚሉ «ራዳር» ይባላሉ፤ ስሙን ያወጡላቸው ሌሎች ቢሆኑም የወደዱት ራሳቸው ናቸው። ራዳር ፎቶውን አዩና ጣታቸውን ተከሉበት።

«የቆመው ፕሮፔለር የቀኙ ነው» አሉ። «ካፒቴኑ የጠፋባቸው የግራው ነው፤ በመዝገባቸው ተጽፏል። በመስኮቱ የወጣውንም እጅ ተመልከቱ። የወጣው ከረዳቱ ወንበር ነው። ካፒቴን በግራ ነው የሚቀመጠው። ይቺ ሌላ አውሮፕላን ናት፣ ሌላ ቀን።»

የካፒቴኑ ሚስት ተነሡ። «ባለቤቴ ካፒቴን ከሆኑ ወዲህ በቀኝ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም! ለመሆኑ ነዳጅ ቀጂ ካሜራ ከየት አመጣ? ልጄን ለመያዝ የሞተ ባሌን ባትቀሰቅሱብኝ ምን አለበት!»

ልጅቷ ወደ መካኒኩ ዞረች። እሱ ፎቶው ላይ እንዳፈጠጠ ነው። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከሁለት ቀን በኋላ በሩቁ ማረፊያ ለዓመታት ተጥላ የቆየችውን፣ አባቱ ያሳረፏትን ያቺኑ አሮጌ አውሮፕላን አስነሥቶ ለማምጣት ሄደ።

ቤንዚኑ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ታሪካቸውን አንድም ቀን አላወሩም። አንዴ ብቻ፣ ሻይ እየጠጡ፣ «ምናልባት እኔው ተምታቶብኝ ይሆናል» አሉ። ልጅቷን የገደላት ይኸ ነው። አባቷን ውሸታም ያሉት ሌሎች ናቸው፤ የኔ የምትለው ሰው ግን ዝም ብሎ ፈረመበት። ዕድሜ ልኳን ብቻዋን ብትቀር ለእንዲህ ያለ ሰው እጇን አትሰጥም፤ ለራሷ እንዲህ ብላ ምላ ነበር።

«አምጪውና አንብቢልኝ» አሉ አባቷ።

«አላነብም።»

«ውሸታም የተባልኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«አንተ።»

«እንግዲያው ኩርፊያው የኔ ነው። በሰው ኩርፊያ ምን ጥልቅ አደረገሽ? ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

መሳቢያውን ከፈተች። የመጀመሪያውን ፖስታ ቀደደች።

«‹ዝም ያልኩት ሳላምናችሁ ቀርቼ አይደለም› ይላል። ‹ያ በመስኮቱ የወጣው እጅ የአባቴ እጅ ነው። እጅጌውን ሁለት ጊዜ ነበር የሚያጥፈው፣ ከክርኑ በታች። አውቀዋለሁ። ግን በማይሆን ወገን ወጣብኝ። አባቴን ነው የማየው፣ ደግሞ ሊሆን አይችልም። አፌን ብከፍት እንባዬ ይቀድመኝ ነበር። እናቴ ፊት ማልቀስ አልለመድኩም። ወንድ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ፤ አሁን ሳስበው ፈሪ ነበርኩ።›»

ቤንዚኑ ሁለተኛውን እንድትከፍት በእጃቸው ጠቆሙ።

«‹ወረቀቱ ላይ ያለው የሞተር ዘይት ነው፣ ይቅርታ። ዛሬ የግራውን ሞተር ፈታን…› ከዚያ… ‹አየሩ ደህና ነው።›»

«ዘለልሽ።»

«አልዘለልኩም!»

«ትንፋሽሽ ዘለለ። አየሩ ደህና ነው ለማለት ማን ወረቀት ያበላሻል?»

ፊቷ በርበሬ መሰለ። አባቷ ደግሞ ፈገግታቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁ። ሦስተኛውን ቀደደች። ለራሷ ማንበብ ጀመረችና ሁለተኛው መስመር ላይ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበች።

«ምን አለ?»

«‹ዛሬ ጠዋት መሰላል አስደግፌ ወደ ውስጥ ስገባ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህ በር እየገባሁ እየወጣሁ አላስተዋልኩም። የዚህች አውሮፕላን በር በግራ ጎኗ ነው፤ ሌላ በር የላትም። በፎቶሽ ላይ የት እንደነበር ታስታውሺያለሽ? እኔ ዓይኔን ስጨፍን በቀኝ ነው የሚታየኝ። እባክሽ ኔጋቲቩን እዪው።›»

ልጅቷ የቀረውን ሳታነብ ደብዳቤውን አጥፋ ተነሣች። 

*

ጨለማ ክፍሏ ውስጥ ገብታ ቀዩን አምፖል አበራችና ቆርቆሮውን ከፈተች። ኔጋቲቭ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ያብለጨልጫል፣ አንዱ ፈዛዛ ነው። ፈዛዛው ወደ ወረቀቱ ይዞራል። ይህን በአሥር ዓመቷ ነው አጎቷ ያስተማራት፤ ተኝታም አትስተውም። ያን ቀን ግን በደስታ ሰክራ፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች ነበር ያተመችው። ጭራዋ ተቆርጦ በመቅረቱ አውሮፕላኗ ላይ የሚነበብ ፊደል አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ተገልብጦ ያጋልጣት ነበር።

አሁን ፈዛዛውን ፊት በጣቷ ዳብሳ ወደ ወረቀቱ አዞረችው። ብርሃን ሰጠችው። ወረቀቱን ማጠቢያው ሳህን ውስጥ ነከረችውና ጎንበስ ብላ ጠበቀች።

መጀመሪያ ሣሩ መጣ። ከዚያ ጎማው። ከዚያ ነጭ እጅጌ፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ በግራው መስኮት፣ በካፒቴኑ መስኮት። ከዚያ ሁለቱ ሞተሮች፤ በቀኙ ላይ ፕሮፔለሩ ሲሽከረከር ጭጋግ መስሏል፣ በግራው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መጨረሻ ላይ ከክንፉ ጥላ ወጥቶ በሩ ታየ። በግራ ነው።

የሚንጠባጠበውን ወረቀት እንደያዘች ወጣችና አባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ አንተ አልተምታታብህም። ኔጋቲቩን ገልብጬ ያተምኩት እኔ ነኝ። ራዳር አይደሉም ውሸታም ያደረጉህ፤ እኔ ነኝ። ሰውን ሁሉ ስረግም የከረምኩት በራሴ ጥፋት ነው!»

ቤንዚኑ ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡና አዩት።

«በዚህ በኩል ነበር» አሉ። «በዚህ በኩል ነበር እኮ! ነፋሱ ፊቴን የመታኝ ከዚያኛው ነው። አላረጀሁም ማለት ነው?»

«አላረጀህም።»

«እንግዲያው አልቅሰሽ ስትጨርሺ የዘለልሽውን አንብቢልኝ። የሦስተኛውን መጨረሻ።»

ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ አነበበች። «‹ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ይዘናት እንደርሳለን። ካንቺ ሌላ ሕይወት አላስብም፤ እናቴንም ነግሬያታለሁ፣ ተቆጥታለች፣ ትቆጣ። እሺ ካልሽኝ በበሩ ወገን፣ በግራ በኩል ቁሚ። እምቢ ካልሽ በቀኝ ቁሚ። ያኔ እስክትሄጂ አልወርድም። አላስቸግርሽም።›»

አባትና ልጅ አልተያዩም። ሁለቱም እርጥቡን ፎቶ ነበር የሚያዩት። በፎቶ ቤቱ ውስጥ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ።

*

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አሮጊቷ አውሮፕላን ልትመጣ ነው ተብሎ ጉልበቱ የሚያመውም፣ ልቡ የሚደክመውም መጥቷል። ራዳር መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ፣ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ይንጎራደዳሉ። የካፒቴኑ ሚስት ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ቤንዚኑ ሲገቡ ጀርባቸውን ሰጡ።

ልጅቷ ሁለቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሞተር በየትኛውም በኩል ሊጠፋ ይችላል?»

«ይችላል» አሉ ራዳር፣ አስተማሪነታቸው ተነሥቶባቸው።

«ካፒቴን ወንበር ሊቀይር ይችላል?»

«ደንቡ አይደለም። ግን ይችላል።»

«በርስ? በር ከግራ ተነቅሎ በቀኝ ሊበቅል ይችላል?»

ራዳር አፋቸውን ከፈቱ። ፎቶው ላይ አቀረቀሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«የዚህች ዓይነት አውሮፕላን…» አሉ ድምፃቸው ወርዶ፣ «በሩ በግራ ነው። ሁልጊዜም በግራ ነው።»

«ያኔ እዚህ ባመጣሁት ፎቶ ላይስ?»

«በቀኝ።» ይህችን ቃል እንደ መራራ መድኃኒት ነበር የዋጧት። «ሁላችንም ፕሮፔለሩ ላይ አፍጥጠን… እኔ… እንዴት አላየሁትም?»

«ራዳር በር የሚያክል ነገር አመለጠው!» አለ ከኋላ አንዱ ሽማግሌ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ልጅቷ፣ ሳቁ እስኪበርድ ሳትጠብቅ። «ኔጋቲቩን ገልብጬ አተምኩት። አሁን በደንቡ ታትሟል። የቆመው የግራው ሞተር ነው፣ እጁም በካፒቴኑ መስኮት ነው የወጣው፣ በሩም ቦታው ላይ ነው። አባቴ አልዋሸም። ካፒቴኑም አልዋሹም። ሁለቱንም ያስዋሸኋቸው እኔ ነኝ፤ ይኸው ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አባቴን የተናገረ ደግሞ እሱም ቆሞ ይጠይቅ!»

ራዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ትዕዛዝ ተቀበሉ። ቤንዚኑ ፊት ሄደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ወንድሜ፣ ያለ እርስዎ ይህች ማረፍ ጠፍታ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

የካፒቴኑ ሚስት ግን ፎቶውን አንሥተው ዓይናቸው ሥር ይዘውታል። አውራ ጣታቸው ያችን ነጭ እጅጌ ይዳብሳል።

«እትዬ» አሉ ቤንዚኑ ድንገት፣ «እኔም የደበቅኩት ነገር አለኝ። ለሰው ሳወራ እጄን ጨበጡኝ ብቻ እላለሁ። ያን ቀን በደስታ አብጄ በአንድ እጄ እጃቸውን፣ በሌላው እጅጌያቸውን ጨምድጄ ይዣቸው ነበር። የሞተር ዘይት ነበረብኝ። ያንን የመሰለ ነጭ ሸሚዝ አበላሸሁባቸው። ይኸው እስከ ዛሬ አፍሬ…»

ሴትዮዋ ፎቶው ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«አምስት ጣት» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«በቀኝ እጅጌው ላይ። ስንት ሳሙና ጨርሼበታለሁ! ‹የነዳጅ ቀጂው እጅ ነው፣ ተዪው፣ እንዳይለቅ› ይለኛል። ማን ያምናል? የሴት እጅ ነው ብዬ… ሞቶ እስኪቀበር ድረስ በዚያ ሸሚዝ ነገር ስወጋው ኖርኩ! ሸሚዙ አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ነዳጅ ቀጂ የሚባል ስሰማ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነበር። እውነቱን ነግሮኝ ነበር፣ ጋሼ። እውነቱን ነግሮኝ ነበር!»

ጋሼ! ይህ ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ አዳራሹ ሙሉ ሰማ። ቤንዚኑ እጃቸውን ዘረጉ። እንደዚያን ቀን ዘይት አልነበረበትም፤ ሴትዮዋ ግን ቢኖርበትም ግድ የሚሰጣቸው አይመስሉም ነበር። በሁለት እጃቸው ያዙት። በሟች የቀና ልብ እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲቀልለው ማየት ዓይን ያስነባል።

*

«ድምፅ!» ብለው የጮኹት ቤንዚኑ ናቸው። የሩቅ ማያ መነጽር ያነገተው ሁሉ ገና ሰማይ ሲያስስ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ነበር። «ሁለቱም ሞተሮች ናቸው። ጤነኛ ናቸው። ትሰማላችሁ?»

መጣች። ነጥብ መስላ ታየች፣ ክንፍ አወጣች፣ ሆዷን ዘርግታ ከላያቸው አለፈች፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ሕፃን እጃቸውን አውለበለቡ። ዞራ መጥታ ማኮብኮቢያውን በሁለት ጎማ ሳመችው፣ ከዚያ ጭራዋን ቀስ ብላ እንደምትቀመጥ እመቤት አሳረፈች።

ልጅቷ በግራ ቆማለች። ከማለዳው ጀምሮ አስባበት፣ ለክታ፣ አጥር ተሻግራ፣ አውሮፕላኗ ስትመጣ በግራ በሚሆነው ወገን ነው የቆመችው። 

መሬት ላይ ሆኖ የሚመራው ሰው ግን ምን ያውቃል? የነፋሱን አቅጣጫ አየ፣ ቀያይ መምሪያ ዱላዎቹን አወናጨፈ፣ አውሮፕላኗም እሺ ብላ እዚያው ላይ ተሽከርክራ ፊቷን ወደ መጣችበት አዞረች። ቆመች። ሞተሮቹ ጠፉ።

በቀኙ መስኮት፣ ከአብራሪው ጎን፣ መካኒኩ ይታያል። ቁልቁል አያት። እሷም ሽቅብ አየችው። የናፈቀችው ፊት ነው፤ ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። ፈገግ አለችለት። እሱ ግን ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን ቀስ እያለ ሲጠፋ አየች። ራሱን ዝቅ አደረገ። እንደገባው ሰው፣ እንደማያስቸግር ሰው፣ ከመስኮቱ ሸሸ።

ምን ሆነ? ጎኗን ተመለከተች። ክንፍ፣ ብረት፣ መስኮቶች። በር የለም።

በቀኝ ነው የቆመችው!

«በጭራዋ በኩል!» ብለው ጮኹ አባቷ ከአጥሩ ማዶ። ዓይናቸው ባያይ እንኳ አውሮፕላኗ ስትዞር ጆሯቸው ነግሯቸዋል። «በጭራዋ በኩል ዙሪ፣ ልጄ! በፕሮፔለሩ በኩል እንዳታልፊ!»

ሮጠች። ጫማዋ አንዱ ወለቀ፣ ጥላው ሮጠች። አንድ እግር ጫማ ብቻ የቀረላት፣ ፀጉሯ የተፈታ፣ በሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊት፣ በካፒቴኑ ሚስት ፊት፣ ምን ይሉኛል ሳትል ጭራውን ዞረችና በግራ በኩል ብቅ አለች። በሩ ተዘግቷል። በመዳፏ ደበደበችው።

«ክፈት! በግራ ነኝ! እሺ ነው መልሱ፣ እሺ! የዞረችው አውሮፕላኗ ናት እንጂ እኔ አልዞርኩም!»

በሩ ተከፈተ። መካኒኩ መሰላል አላስፈለገውም። ዘሎ ወረደና በጉልበቱ አረፈ። እሷም አብራው ተንበረከከች። እጁ ዘይት ነው። የነጭ ሸሚዟን እጅጌ ጨምድዶ ያዘ፣ ያዘና ደነገጠ።

«አበላሸሁብሽ!»

«ተወው» አለችው፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች። «ይህንን ማንም አያጥብልኝም።»

በጭራው በኩል ሁለት ሰዎች ቀስ እያሉ መጡ። ቤንዚኑና የካፒቴኑ ሚስት ናቸው፤ ሴትዮዋ ክንዳቸውን ይዘው ይመሯቸዋል። በሌላው እጃቸው የልጅቷን የወለቀ ጫማ አንጠልጥለዋል። ልጃቸውንና ልጅቷን አዩ፣ ያችን የጠቆረች እጅጌ አዩ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«እማማ» አለ መካኒኩ፣ ሊነሣ እየሞከረ።

«እዚያው ሁን» አሉት። «ከአባትህ የወረስከው አንድ ደህና ነገር ቢኖር ይኸው የዘይት እጅጌ ነው።» ጫማውን እንደ ንግሥት ጫማ አስተካክለው ልጅቷ እግር ሥር አኖሩት።

ቤንዚኑ ግን አልቆሙም። ብቻቸውን፣ በእጃቸው አየሩን እየዳበሱ፣ ወደ ግራው ሞተር ተጠጉ። መዳፋቸውን አሳረፉበት። ገና ይሞቃል። ያን ቀን እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘው ሞተር ነው፤ ዛሬ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

«የግራው ነበር» አሉ ጮክ ብለው፣ ለሽማግሌዎቹ ሁሉ፣ ለሣሩ፣ ለሰማዩ። «ሣሩ ውስጥ ተንበርክኬ ነበር። ካሜራው የወንድሜ ነው። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ…»

ልጅቷ ይህንን ታሪክ ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች። ጭንቅላቷን መካኒኩ ትከሻ ላይ ጥላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትሰማው ሁሉ ሰማችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ኮርታ አታውቅም።